ጥቁር ካርድ

ልዕልት ዋኘውን ቀና ብላ ካየችው ሦስት ሳምንት ሆኗታል። በአንድ ግቢ እየዋሉ፣ በአንድ ክፍል እየተማሩ፣ በአንድ በር እየገቡና እየወጡ ዓይንን ከዓይን ማሸሽ ቀላል አይደለም። እሷ ግን ተክናበት ነበር። እሱ ከፊት ሲቀመጥ እሷ ከኋላ ትሆናለች፤ እሱ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ እሷ ደብተሯ ላይ ታቀረቅራለች። ቤቷ ገብታ ፊቷን ስትታጠብ ብቻ፣ መስታወቱ ውስጥ የሚያያት ዓይን በማን ናፍቆት እንደቀላ ታውቃለች።

ሁለቱንም ያገናኛቸው ሥልጠና ነው። ሕመምተኛ ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት፣ መንገድ ላይና አምቡላንስ ውስጥ ሕይወቱን እንዴት ማቆየት እንደሚቻል የሚያስተምር የሦስት ወር ሥልጠና ጎንደር ላይ ተከፍቶ ነበር። ነርሶችና የአምቡላንስ ሾፌሮች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ። ልዕልት ነርስ፣ የጎንደር ልጅ ናት፤ ማራኪ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ አባቷ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ፣ እናቷ ሲስተር አምሳል ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት በነርስነት ያገለገሉ የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ። ዋኘው ከዳባት ወደ ላይ፣ ከወቅን አካባቢ ከገበሬ ቤት የወጣ፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ መንጃ ፈቃድ ያወጣ፣ አምስት ዓመት የወረዳ አምቡላንስ ያሽከረከረ ሰው ነው። ነሐሴ ላይ ዕጣ ሲወጣ ሁለቱ አንድ ቡድን ሆኑ።

እንግሊዝኛው ሲከብደው እሷ በአማርኛ ትነግረዋለች፤ እሱ በራሱ ቃል አሳጥሮ ደብተሩ ላይ ያሰፍረዋል። የእሱ አጻጻፍ ከመጽሐፉ ይልቅ ይገባት ነበር። በልምምድ አሻንጉሊቱ ደረት ላይ ተራ በተራ እየተጫኑ ጮክ ብለው ሲቆጥሩ፣ ድምፃቸው አንድ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ያኔ ሁለቱም ያቀረቅራሉ። አንድ ቀን ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ከወቅን ዳገት ሲወርድ ምን እንደሚሰማው ጠየቀችው። ከኋላ የሚሰማው ጩኸት አያስፈራኝም አላት፤ የሚያስፈራው ጩኸቱ በድንገት ጸጥ ሲል ነው። ይህን ሲላት ዓይኑን አላሸሸም። እሷም አላሸሸችም። ከዚያ ቀን በኋላ ማናቸውም ምንም ሳይናገሩ ነገሩ የታወቀ ሆነ።

ነገሩ የተበላሸው በአጋማሹ ፈተና ማግስት ነው። ፈተናው አለርጂ ትንፋሹን የዘጋበት ሰው ነበር። ልዕልት መልሱን በቃሏ ታውቀዋለች፦ አድሬናሊን፣ ግማሽ ብልቃጥ፣ ጭን ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ። ሰዓቱ ሲቆጠርባት ግን እጇ ከአእምሮዋ ቀደመ። ሙሉውን ብልቃጥ በአሻንጉሊቱ የደም ሥር ለቀቀችው። አሰልጣኙ ዶክተር አብዮት ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ "ይሄ ሰው ሞቷል" ብሎ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሰሙ።

በማግስቱ ጠዋት ስትመጣ ዋኘው ቡድኑን ለውጧል። በራሱ ጥያቄ ነው አሏት። እሷን ከነጃት ጋር አጣመሯት፤ ነጃት ከአዘዞ የመጣች፣ በሥልጠናው ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ሾፌር ናት። ልዕልት ለምን ብላ አልጠየቀችም። ምን ያስጠይቃል? ትናንት በሁሉም ፊት ሰው ገድላለች፤ ዛሬ ከሷ ጋር መሥራት ፈርቷል። ልብ የሰጡት ሰው እጅን ካላመነ ምን ይባላል? አንድ ቃል ሳይናገራት ሄደ፤ እሷም አንድ ቃል ሳትናገረው ፊቷን አዞረች። ቤት ውስጥ እናቷ ዶክተር አብዮትን ለእሑድ ምሳ ጠሩት። ደህና ሰው ነበር። የሚለው ሁሉ ልክ ነበር። ለልዕልት ግን ምሳው ጣዕም አልነበረውም።

የመጨረሻው ትልቅ ልምምድ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ከጠዳ አለፍ ብሎ፣ ከባሕር ዳር መንገድ ዳር ባለ የግጦሽ ሜዳ ላይ ተዘጋጀ። አንድ ያረጀ ሚኒባስ በጎኑ ተጋድሞ፣ ከማክሰኝት ገበያ ሰው ጭኖ ሲመጣ ተገለበጠ ተባለ። ሾፌሮቹና ጥቂት ተማሪዎች ቁስለኛ ሆነው በሜዳው ላይ ተኙ፤ ነርሶቹ ደግሞ ሊያነሷቸው ተሰለፉ። ደሙ ስኳር በውሃ አፍልተው ቀይ የምግብ ቀለም የጨመሩበት ነበር። ከሜዳው ጫፍ የአንድ ገበሬ ቀፎዎች ነበሩና ንቦቹ ጣፋጩን ብዙም ሳይቆዩ አገኙት። ሰዎቹ እየሳቁ በእጃቸው ያባርሯቸው ነበር። ማንም ነገሬ አላለውም።

ዶክተር አብዮት ፊሽካውን ከመንፋቱ በፊት ሁሉንም ሰብስቦ ሁለት ነገር ተናገረ። ቦርሳቸው ውስጥ ያለው መድኃኒት ሁሉ ውሃ ነው፤ እውነተኛው አስፋልቱ ዳር በቆመው አምቡላንስ ውስጥ ነው። ደግሞ፣ በእውነት የታመመ ሰው ያየ ሰው "ልምምድ አይደለም" ብሎ ሦስት ጊዜ ይጩህ፤ ሁሉም ነገር ይቆማል። ቃሉ በዋዛ የሚነሣ አይደለም አለ። ከጤና ቢሮ የመጡ እንግዶች ድንኳን ሥር ተቀምጠው ይመለከታሉ።

የልዕልት ድርሻ ልየታው ነበር። ለአንድ ሰው ግማሽ ደቂቃ። የሚራመድ አረንጓዴ ካርድ፣ መጠበቅ የሚችል ቢጫ፣ ቶሎ መነሣት ያለበት ቀይ። የአየር መንገዱ ተከፍቶለት የማይተነፍስ ሰው ጥቁር ካርድ ይታሰርለታል፤ ለሱ የሚባክን ጊዜ የለም። እያንዳንዱ ቁስለኛ ደረቱ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ምልክቱ ተጽፎለታል። ፊሽካው ተነፋ፤ ሜዳው በለቅሶና በጩኸት ተሞላ። ትወናው እንኳ ሆድ ያባባል።

ዘጠነኛው ዋኘው ነበር።

ሚኒባሱ ጎማ ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ስኳር የተቀላቀለበት ደም ከግንባሩ እስከ አንገቱ ወርዷል። ወረቀቱ "የአየር መንገዱ ቢከፈትም አይተነፍስም" ይላል። ልዕልት ተንበረከከች። ሦስት ሳምንት የሸሸችው ፊት ከፊቷ ስንዝር አይርቅም። አገጩን ቀና አደረገች፤ ጣቶቿ ያንን ፊት እንደ ገዛ ፊቷ ያውቁታል። ልትነሣ ስትል የሰደርያዋን ጫፍ ያዘው።

ዓይኑ ገርበብ ብሏል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ልዕልት ደሟ ፈላ። በዚህ ሁሉ ቀን አንድ ቃል ያልወጣው ሰው፣ አሁን እሷ መናገር በማትችልበት ቦታ፣ እንግዳ ተቀምጦ፣ ሰዓት እየተቆጠረ፣ ይቅርታ ሊለምን ነው?

"አንተ ሙት ነህ" አለችው በሹክሹክታ። "ሙት አያወራም።"

ጣቶቹን ከልብሷ አላቀቀች። ጥቁሩን ካርድ የእጁ አንጓ ላይ አሰረችና ተነሣች።

አሥረኛው እግሩ የተሰበረ ተማሪ ነበር። ወረቀቱን ታነባለች፤ የምታነበው ግን አይገባትም። እጇ ላይ የቀረ ነገር አለ። የካርዱ ክር ለሁሉም ሰው በአንድ ልክ የተቆረጠ ነው፤ ስምንት ሰው ላይ ዞሮ ተርፏል። በዋኘው አንጓ ላይ ግን አልዞር ብሎ ስባ ነው ያሰረችው። ዋኘው ቀጭን ሰው ነው። አንጓው እንዲህ አልነበረም።

ዞር አለች። ልብሷን የያዘው እጅ መሬቱን ቀስ እያለ ይመታ ነበር። ሁለት ጊዜ መታ። ከዚያ ተወ።

ተመልሳ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። የተቀባ ደም ከንፈር አያሳብጥም። የታችኛው ከንፈሩ አብጦ ተገልብጧል፤ የዓይኑ ቆብ ተነፍቷል፤ ኮሌታውን ስትገልጥ አንገቱ በቀይ እብጠት ተወሮ፣ ከጆሮው ሥር የንብ መንደፊያ ተሰክቶ ቀርቷል። ጆሮዋን አፉ ላይ ደቀነች። አየር ሲስብ ከጉሮሮው ቀጭን ፉጨት ይወጣል፤ ፉጨቱም እየቀጠነ ነው።

ልትጮህ አፏን ከፈተችና ተወችው። ብትሳሳትስ? በፈተናው ሙሉ ብልቃጥ የለቀቀች ልጅ ዛሬ ትክክል ማየቷን ማን ያምናል? ስለወደደችው ልምምዱን አቋረጠችው ይባላል፤ እድሜ ልኳን መሳቂያ ትሆናለች። ይህን ያሰበችው አንድ ትንፋሽ ለሚያህል ጊዜ ብቻ ነው። የዋኘው ደረት ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ አልተነሣም።

"ልምምድ አይደለም" አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። ዙሪያውን ሰው ሁሉ አድኑኝ እያለ ይጮኻል። ደገመችው፤ በሆዷ ያለውን አየር ሁሉ አውጥታ ጮኸች። ከድንኳኑ አንድ እንግዳ አጨበጨበ፤ አተዋወኗ ደስ ብሎት ነው። ያን ጭብጨባ ስትሰማ የያዛት ፍርሃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልያዛትም፤ ሰው እየሞተ፣ ሜዳ ሙሉ ሐኪም ቆሞ፣ የሚያምን የለም። ሦስተኛውን ስትጮህ ዶክተር አብዮት ሰዓቱን እንደያዘ አጠገቧ ደርሷል።

"ልዕልት፣ ወረቀቱ ምን ይላል?"

"ወረቀቱን ይተዉት ዶክተር። ከንፈሩን ይዩት።"

አየ። ሰዓቱን ሣሩ ላይ ጥሎ ፊሽካውን ነፋ። ሜዳው ጸጥ አለ፤ የሞቱትና የቆሰሉት ሁሉ ቀና ብለው ተቀመጡ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የተሰማው የዋኘው ፉጨት ብቻ ነበር፤ እሱም እየተቆራረጠ።

ነጃት ማንም ሳያዛት ወደ አስፋልቱ ሮጣለች። ልዕልት የዋኘውን እግሮች አንሥታ በልምምድ ቦርሳዋ ላይ አሳረፈች። ቦርሳው በውሃ የተሞላ ነው፤ ለዚህ እንኳ ዋለ። ዶክተር አብዮት ከራስጌው ተንበርክኮ መንጋጋውን በሁለት እጁ ወደ ላይ ያዘ። የዋኘው ዓይኖች ተከፍተው ሰማዩን ያያሉ። ከዚያ እሷን አገኟት፤ ተማጽኖ አልነበረባቸውም። ሊሰናበታት የፈለገ ይመስል ነበር። ልዕልት ያንን እይታ አልቀበልም አለች። ነጃት የሄደችበትን መንገድ ታያለች፤ ሁለት መቶ እርምጃ እንዲህ ይረዝማል?

ነጃት እውነተኛውን ሣጥንና ኦክስጅኑን ታቅፋ ደረሰች። ልዕልት ብልቃጡን ሰበረች። ዶክተር አብዮት እጁን ከመንጋጋው ላይ ማንሣት አይችልም፤ ሌላ ሰው እስኪቀበላት የሚጠበቅበት ጊዜም የለም። መርፌው ውስጥ የገባውን መድኃኒት ወደ ብርሃኑ ቀና አድርጋ አየችው።

"ግማሹን" አለች ጮክ ብላ። "ጭን ላይ። ጡንቻ ውስጥ።"

"አዎ" አለ ዶክተር አብዮት።

በሱሪው ላይ ወጋችው።

አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ምንም የለም። ጣቷን ከአንገቱ አላነሣችም፤ የልቡ ምት እንደሚርቅ ሰው ኮቴ ቀጥኗል። ግሉኮስ ተከሉለት። ሦስት ደቂቃ። የከንፈሩ ጠርዝ አመድ መሰለ። አራት። የሠራችው ሁሉ ልክ ነው፤ ልክ መሥራት ብቻውን ሰው እንደማያድን ያኔ ገባት፤ ይህን ማንም አላስተማራትም ነበር። አምስት ሲሞላ ሌላ ግማሽ ብልቃጥ በሌላኛው ጭኑ ሰጠችው።

ፉጨቱ ቀስ በቀስ ሰፋ። እንደ ፉጨት መሆኑ ቀርቶ እንደ ማንኮራፋት ሆነ፤ ከዚያ ደረቱ ከፍ ብሎ ወረደ። ነጃት ወደ ጎንደር ስትነዳ፣ አዘዞ ላይ ባጃጁና የጭነት አህያው መንገዱን ሞልቶት ሳይረኗን ሳታቋርጥ፣ ልዕልት ወለሉ ላይ ተንበርክካ እጇን ደረቱ ላይ አሳርፋ ነበር። ሊናገር ሞከረ፤ ማስኩን እየያዘች ከለከለችው። አንጓው ላይ ጥቁሩ ካርድ አሁንም ታስሮ አየችው። በመቀስ ቆረጠችው፤ ክሩ ቆዳው ላይ ቀይ መስመር ትቶ ነበር። በዚያ መስመር ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈችና እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አላነሣችውም።

ከሰዓት በኋላ ዋኘው ከአደጋ ወጣ ተባለ። ግን አለርጂው ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነሣ ይችላል፤ እስከ ነገ ከዓይን መራቅ የለበትም። ልዕልት ይህንን ማንም ሳይነግራት ታውቃለች፤ ለዚህም ነው ከአልጋው አጠገብ ንቅንቅ ያላለችው። እሱ እንቅልፍ ወስዶታል። አንድ አየር ስቦ ሌላው እስኪከተል ድረስ ባለችው ትንሽ ክፍተት ውስጥ እሷ ትንፋሿን ትይዛለች።

እናቷ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ መጡ። ወንበር ስበው አልተቀመጡም። ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

"ይሄ ያንቺ ነው" አሏት። "ከሦስት ሳምንት በፊት ላደርስልሽ ቃል ገብቼ የተቀበልኩት።"

የሥልጠናው ደብተር ቅዳጅ ነበር። አጻጻፉን ከሩቅ ታውቀዋለች።

"አንብበሽዋል እማዬ?"

"አንብቤዋለሁ።"

ልዕልት ከፈተችው።

"ልዕልት፣ ከቡድንሽ የወጣሁት በራሴ ጥያቄ ነው። እናትሽ ማደሪያዬ ድረስ መጥተው አነጋገሩኝ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ልጄን ተውልኝ ብለው ለመኑኝ። እናት ስትለምን እምቢ ማለት አላውቅበትም። ነገር ግን መሄዴን ከፈተናው ጋር እንዳታገናኚው። የተሳሳትሽው ስለፈራሽ ነው፤ የምትፈሪው ደግሞ ሰው እንዳይሞትብሽ ነው። ይህን የማይፈራ ሰው አምቡላንሴ ላይ እንዲወጣ አልፈልግም። የመጨረሻው ቃል ያንቺ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ከአራዳ በታች ያለችው ሻይ ቤት እጠብቅሻለሁ። ካልመጣሽ ይገባኛል፤ አላስቸግርሽም። ዋኘው።"

ቅዳሜዋ ካለፈች ቆይታለች። ልዕልት ያን ቀን የት እንደነበረች ለማስታወስ ሞከረች። ቤት ነበረች፤ ለእሑዱ ምሳ ዕቃ ስታጥብ።

እናቷ መናገር ጀመሩ። ዋኘው ከሚነዳበት መንገድ ስንት ሾፌር በቃሬዛ እንደመጣላቸው ነገሯት። ስማቸውን የመዘገቡት እሳቸው፣ ለሚስቶቻቸው የነገሩት እሳቸው ናቸው፤ ልጃቸውን ከነዚያ ሴቶች መሐል ቆማ ማየት ፈሩ። ቀጥለውም፣ ገበሬ ቤት መግባትሽም ከብዶኝ ነበር፣ አልዋሽሽም፣ አሏት።

ልዕልት አልጮኸችም። ድምፅዋ እንዳይቀሰቅሰው ዝቅ አድርጋ ነበር የተናገረችው።

"ዛሬ ጠዋት ጥቁር ካርድ አሰርኩለት እማዬ። እየሞትኩ ነው ሊለኝ ልብሴን ሲይዘኝ፣ ጣቶቹን አላቅቄ ሄድኩ። ቂም ይዤበት ነው ያልሰማሁት። የያዝኩበት ቂም ደግሞ የሱ አልነበረም።"

ሲስተር አምሳል ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ሐዘን ያዩ ሴት ናቸው። እጃቸውን የት እንደሚያሳርፉት ያጡት ግን ያን ጊዜ ነበር።

ስልክ ጠራ። ከዋኘው ልብስ ጋር በላስቲክ ከረጢት የተቀመጠው የሱ ስልክ ነው። ልዕልት አወጣችው፤ ሳይነሣ የቀረ ዘጠኝ ጥሪ አለበት፤ ዘጠኙም "አባቴ" ይላል። አነሣችው።

በስተጀርባ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል። አንድ ያረጀ የወንድ ድምፅ ማን እንደሆነች ጠየቀ። ነርስ መሆኗን ነገረችው።

"እንዲያ ነው" አለ ድምፁ። "ሬሳውን የት መጥተን እንረከብ?"

ልዕልት የምን ሬሳ እንደሚሉ ጠየቀቻቸው። የዋኘው አባት፣ አያ ሰውአገኝ፣ ቀስ ብለው አስረዷት። ከባሕር ዳር ወደ ደባርቅ በሚሄድ አውቶብስ የነበረ የአገራቸው ሰው ጠዳ ላይ መኪና ተገልብጦ፣ ሰው በሜዳ ተረፍርፎ አይቷል። ዋኘውን በደም ተነክሮ፣ እጁ ላይ ጥቁር ነገር ታስሮ በቃሬዛ ሲወስዱት አይቷል። መንደሩ ተሰብስቧል።

"አልሞተም አባቴ" አለች ልዕልት። "ትንሽ አሞት ነበር፤ አሁን ተሽሎታል። ሆስፒታል ነው ያለው።"

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ምን እንዳለች ገባት። በዚህ አገር መርዶ የሚነገረው በዚሁ ቃል ነው። ትንሽ አሞታል፣ ተሽሎታል፣ ኑ ይባላል፤ ዘመድ ሲደርስ ድንኳን ተተክሎ ያገኛል።

"ሸጋ ልጅ ነሽ" አሏት አያ ሰውአገኝ። "አታባብይኝ እንጂ። ወንድሜም የሞተ ጊዜ ተሽሎታል ነው ያሉኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ እችለዋለሁ። እናቱን ምን ልበላት? እሱን ብቻ ንገሪኝ።"

እውነቱን ይዛ፣ የምታሳይበት ቃል አጣች። ዋኘው ነቅቶ ያያት ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ አስጠጋችለት፤ ማስኩን ከፍ አደረገች።

"አባባ" አለ። ከጉሮሮው የወጣው ሻካራ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልነበረም።

 "ይሄ የልጄ ድምፅ አይደለም" አሉ አያ ሰውአገኝ። "ምነው በሞተብኝ ሰው ትቀልዳላችሁ?"

የዋኘው ዓይን እንባ ሞላ። ልዕልት ስልኩን ልታነሣ ስትል አንጓዋን ያዛት። አየር ሳበ፤ አረፈ፤ እንደገና ሳበ።

"የላይኛውን ገብስ... ሳልመጣ... አትጨዱት ብዬ አልነበር?"

ለቅሶው ከሩቅ ይሰማል። ሽማግሌው ከዚያ፣ እንደ ትንሽ ልጅ በሚሰበር ድምፅ፣ "አልነካነውም" አሉ። "አልነካነውም ልጄ። እንዳለ ነው።" ስልኩን ከአፋቸው አርቀው ለሰው ሲጣሩ ተሰማ። ለቅሶው አንዱ ከአንዱ እየተቀባበለ ቆመ፤ ከዚያ ሌላ ዓይነት ለቅሶ ተነሣ።

ልዕልት ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። ለዛሬ እንዳይናገር፣ ነገ ድምፁ እንደሚመለስ፣ አደጋው ግን ገና ጨርሶ እንዳላለፈ፣ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። አያ ሰውአገኝ ሰምተው ሲያበቁ ስሟን ጠየቋት።

"ልዕልት።"

"ያችው ልዕልት ነሽ? በመስቀል መጥቶ ስምሽን ካፉ አልለይ ብሎን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲደውል አንስቶሽ አያውቅም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅሁት። እና ልጄ፣ አሁን ምኑ ነሽ?"

እናቷ ከአልጋው ግርጌ ቆመዋል። የጠየቁት በግልጽ ይሰማል። ልዕልት እናቷን አየች፤ ዓይኗን ግን ፈቃድ ፍለጋ አልነበረም ያነሣችው። ከዚያ ወደ ዋኘው ዞረች። ሦስት ሳምንት የነፈገችውን ዓይን ሙሉ በሙሉ ሰጠችው።

"የሱ ነኝ፣ አባቴ" አለች።

የዋኘው ጣቶች በአንጓዋ ላይ ጠበቁ። ሲስተር አምሳል ወንበር ስበው በአልጋው በሌላኛው ወገን ተቀመጡና የታማሚውን የልብ ምት መቁጠር ጀመሩ፤ ዓይናቸው ሰዓታቸው ላይ ነበር፤ ጉንጫቸው ርሷል።

አያ ሰውአገኝ ጎህ ሳይቀድ መንገድ እንጀምራለን አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ለመኗት። "ስልኩን አትዝጊው" አሏት። "እሱ አይናገር። አጠገቡ አድርጊልኝና ትንፋሹን ልስማ።"

ልዕልት ስልኩን ትራሱ ላይ፣ ወደ ዋኘው አፍ አስጠግታ አስቀመጠችው። ራሷንም በዚያው ትራስ ጫፍ አሳረፈች። ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደማይለቃት ታውቃለች። ግን ከወቅን ተራራ ላይ ሌላ ሰው እንደሷው እየፈራ፣ እንደሷው ትንፋሹን ይዞ፣ የዋኘውን እያንዳንዱን ትንፋሽ ከሷ ጋር ይጠብቅ ነበር። አንዱ ገባ። ወጣ። ሁለቱም ቀጣዩን ጠበቁ።